ለቅዳሜ የተመረጠው ጠርሙስ

ሕይወቴን የለወጠችው ቀን ሐሙስ ነበረች። ፀሐይ የወጣባት፣ ጥብስ የተበላባት፣ እየተሳቀ የተጠጣባት ደስ የምትል ሐሙስ። ክፉ ቀን ፊቱ ክፉ ቢሆን ኖሮ እኔም ባወቅሁበት ነበር።

ያኔ ሠላሳ አንድ ዓመቴ ነው። አንድ ሆቴል ውስጥ ለእንግዳ ወይን ጠጅ እየመረጥኩ፣ እየከፈትኩና እየቀዳሁ እኖራለሁ። ሥራዬን ለእናቴ ለማስረዳት ግማሽ ቀን ፈጅቼ ስጨርስ፣ «እንግዲህ ጠጅ ቀጂ ሆንኩ አትዪኝም?» ብላ ገላገለችኝ። እውነቷን ነው። ሙያውን የተማርኩት ግን ሆቴሉ ውስጥ አይደለም። ያስተማሩኝ ጋሽ ደምሴ ናቸው።

ጋሽ ደምሴ ከምኒልክ አደባባይ ወደ ቴዎድሮስ አደባባይ ሲወረድ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ የመጠጥ ሱቅ አላቸው። በወጣትነታቸው የተቀጠሩት አንድ ሽማግሌ ጣሊያናዊ ዘንድ ነበር። ሰውዬው አገሩ ሲገባ ሱቁንም፣ ከሱቁ ሥር ያለውን ቀዝቃዛ ምድር ቤትም፣ ምላሱንም ትቶላቸው ሄደ። ምላሱን ስል መቅመሱን ማለቴ ነው። ግማሹ ፒያሳ ፈርሶ ሰው ሁሉ መንገድ ሲጠፋው የእርሳቸው ሱቅ ሳይነካ ተረፈ። «እኛ ላይ ‹ይቆይ› ብለው ጽፈውብን ነው» ይሉ ነበር።

ቀልዱ ከራሳቸው አሠራር የመጣ ነው። ምድር ቤት ውስጥ በተኛ በእያንዳንዱ ጠርሙስ አንገት ላይ በክር የታሰረች ትንሽ ወረቀት አለች። ወይ «ይጠጣ» ትላለች፣ ወይ «ይቆይ» ትላለች። ለመጀመሪያ ጊዜ ወረቀት ጽፌ እንዳስር የፈቀዱልኝ ቀን የጠርሙሶቹን ዓመት በእኛ አቆጣጠር አስቤ፣ ለመጠጥ የደረሰውን ሁሉ ገና ጨቅላ ነው ብዬ «ይቆይ» ለጠፍኩበት። ጋሽ ደምሴ መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝና «ፈረንጁ እንቁጣጣሽ ማክበር ጀመረ እንዴ?» አሉኝ። ከዚያ ሁሉንም አስፈትተው እንደገና አሳሰሩኝ።

«ስትመርጪ መጀመሪያ አንገቱን እዪ» ይሉኛል። «ወይኑ ከአንገቱ ወርዶ ትከሻው ላይ ከደረሰ አየር ገብቶታል። ቡሹን በጣትሽ ዳብሺ። ገፍቶ ከወጣ ሙቀት መትቶታል። ለማቆየት ከሆነ ደግሞ ከአንድ ዓይነት አንድ ብቻ አትያዢ። ሁለት ያዢ። አንዱ ለሌላው ይመሰክራል።»

ከሁሉ በላይ የሚሳሱላቸው ሁለት ጠርሙሶች ነበሩ። ባሮሎ ናቸው፤ ጣሊያን አገር ቱሪን ከሚባለው ከተማ ወዲያ ካሉ ኮረብቶች የሚመጣ፣ ዕድሜ ካላገኘ አፍ የሚያስር ጠንካራ ወይን። ልጃቸው ዮናስ በተወለደበት ዓመት የተለቀመ ነው። ስድስት ጠርሙስ ነበር። አንዱ ልጁ ዲግሪውን ሲቀበል ተከፈተ፣ ሌሎቹ በሌላ በሌላው ቀን አለቁና ሁለት ቀሩ። ወረቀታቸው ላይ «ይጠጣ»ም «ይቆይ»ም አልተጻፈም። «የዮናስ» ነው የሚለው።

ዮናስ አንድ ልጃቸው ነው። እናቱ የሞተችው ገና ተማሪ ሳለ ነበር። የዕድል ነገር ሆኖ የትምህርት ዕድሉን ያገኘው እዚያው ቱሪን ሆነና ሥራም እዚያው ያዘ። ዘጠኝ ዓመት አልመጣም ነበር። በዚያ ሳምንት ቅዳሜ ሊመጣ ትኬት ቆርጧል።

ሐሙስ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። አቶ ግርማ ናቸው፤ የጋሽ ደምሴ የሟች ሚስታቸው ወንድም።

«ሜሮን፣ ብቻሽን ነሽ?» አሉኝ።

ይህ ጥያቄ ከመጣ በኋላ ጥሩ ነገር እንደማይከተል የሰፈራችን ሰው ሁሉ ያውቃል።

«ዮናስን መኪና ገጨው። ትናንት ማታ። ሆስፒታል አልደረሰም።»

አልጋዬ ላይ ተቀመጥኩ። እርሳቸው ድምፃቸውን አረጋግተው ቀጠሉ፤ ሳያለቅሱ አድረዋል ማለት ዘበት ነው። «ደምሴ አልሰማም። ነገ ሲነጋ እናረዳዋለን። እህቱ ከደሴ ዛሬ ማታ ትገባለች፤ እድርተኛውም ይሰበሰባል። እስከዚያ ሱቅ ሂጂና አብረሽው ዋዪ። ስልኩን ያዥልኝ። ሰው እንዳያነጋግረው። ደግሞ ምሳ አብዪው፤ እሺ? ከነገ ጀምሮ እህል አይቀምስም። የደም ግፊቱን ታውቂዋለሽ። ባዶ ሆዱን መርዶ ከሰማ ሁለት ሬሳ ነው የምናወጣው።»

«እኔ አልችልም» አልኳቸው።

«ከአንቺ ጋር ሲሆን አይጠረጥርም። ሥራ መስሎት ይውላል።»

አቶ ግርማም እኛም እንዲህ ሲደረግ እያየን ነው ያደግነው። ሰው ሲሞትበት ዘመድ ተሰብስቦ፣ በማለዳ፣ ደግፎ ይነግረዋል። እናቴም የአባቴን ሞት የተረዳችው እንዲሁ ነው። እሺ አልኩና ፊቴን ታጥቤ ወጣሁ።

አራት ሰዓት ላይ ሱቁ ስደርስ ጋሽ ደምሴ ጢማቸውን ተላጭተዋል። ሸሚዛቸው ተተኩሷል። ፊታቸው በርቷል።

«ሰው ሥራ ፈትቶ ሐሙስ ጠዋት ይመጣል? ሆቴሉ አባረረሽ?»

«ረፍት ወጥቼ ነው ጋሼ። ልርዳዎ ብዬ።»

«እግዜር ነው የላከሽ! ነዪ ውረጂ።»

መጀመሪያ ስልካቸውን ጠየቅኳቸው። «ባትሪው እንዳያልቅ ቻርጅ ላይ ላድርግልዎ» ብዬ ባንኮኒው ሥር ሰካሁትና ድምፁን አጠፋሁት። ከጣሊያን ሦስት ጊዜ ተደውሎ ያልተነሳ ጥሪ ስክሪኑ ላይ አየሁ። ገልብጬ አስቀመጥኩት።

ምድር ቤት ውስጥ ሁለቱ የዮናስ ጠርሙሶች ጠረጴዛ ላይ ቆመዋል። ተኝቶ የኖረ ወይን ከመከፈቱ በፊት አተላው እንዲዘቅጥ ሁለት ሦስት ቀን ይቆማል። ከማክሰኞ ጀምሮ ቆመው ነበር ማለት ነው። ማክሰኞ ዮናስ በሕይወት አለ።

«ሁለቱንም ለምን አቆሙ?» አልኳቸው። እያወቅሁ ነው የጠየቅሁት።

«አንዱ ዛሬ ይመሰክራል። ደህና ከሆነ ሌላው ለቅዳሜ ይሆናል። ከተበላሸ ልጄን በኮምጣጤ አልቀበለውም፤ ሌላ እንመርጣለን።» ከመደርደሪያው ቦርዶ የሚባል የፈረንሳይ ወይን አንድ ጠርሙስም አውጥተው በተጠንቀቅ አስቀምጠዋል። «ይሄ ተጠባባቂ ነው። ግን አይገባም ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።»

ማስቆም ያለብኝ ያን ጊዜ ነበር። «ዛሬ አይከፈት» ለማለት ግን ምክንያት ያስፈልጋል። የነበረኝ ምክንያት ደግሞ አንድ ብቻ ነው።

«መጀመሪያ ምሳ እንብላ» አልኩ።

«በአራት ሰዓት ተኩል?»

«ቁርስ አልበላሁም።»

ወጥቼ ከጎረቤት ልኳንዳ ጥብስ አስጠበስኩ። ስመለስ ከፊት ለፊታችን ልብስ የሚሰፉት ሴትዮ የሱቁ ደጃፍ ላይ ቆመው አገኘኋቸው። ዜናው ደርሷቸዋል። ጋሽ ደምሴን ዐይተው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙና አንድም ቃል ሳይናገሩ ተመልሰው ሄዱ።

«ምን ሆና ነው?» አሉኝ ጋሽ ደምሴ።

«ጥርሳቸውን ያማቸዋል መሰለኝ።»

ውሸት እንዲህ ቶሎ እንደሚመጣልኝ አላውቅም ነበር። ጥብሱን እየጎረስን ሳለ እንጀራ እየጠቀለልኩ አጎርሳቸው ጀመር። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት።

«ዛሬ ምን ነካሽ? ሙሽራ አደረግሽኝ እኮ» ብለው ሳቁ። «በቃኝ።»

«አንዲት ብቻ ጋሼ። በሞቴ።»

በሞቴ አልኩ። ምነው ምላሴን በነከስኩ። እርሳቸው ግን ጎረሱልኝ።

ከዚያ ወረድን። ጋሽ ደምሴ ሻማ ለኮሱ። የአሮጌ ወይን ቡሽ እንደ ደረቅ ዳቦ ስለሚፈረፈር ሲከፍቱ ትንፋሻቸውን ይይዛሉ። ቡሹ ግማሹ ላይ ተሰነጠቀ፤ ቀሪው በኋላ ተከትሎ ወጣ። ወይኑን ጠጅ በሚጠጣበት ዓይነት፣ ግን ትልቅ በሆነ ብርሌ ውስጥ ነው የሚገለብጡት። ጣሊያኑ አሠሪያቸው በዚህ ይስቅባቸው ነበር አሉ፤ በኋላ ራሱም ሁለት ብርሌ ገዝቶ አገሩ ወሰደ። ሻማውን ከጠርሙሱ አንገት በታች ይዤ እያበራሁላቸው ቀስ ብለው ቀዱ። ጥቁር አተላ አንገቱ ጋ ብቅ ሲል አቆሙ።  እኔ ሻማዋን አጋድዬ ይዤ ኖሮ ሰም ጣቴ ላይ ፈሰሰ።

«ያዥ። አንቺ ቅመሺ።»

«እርስዎ ይቅደሙ ጋሼ።»

«ደንቡ እንዲያ አይደለም። አሳላፊ ነው የሚቀምሰው።»

ይህን ደንብ ያስተማሩኝ ራሳቸው ናቸው። ድሮ ጠጅ አሳላፊ መጠጥ ለጌታው ከመስጠቱ በፊት በመዳፉ ጠብ አድርጎ ይቀምስ ነበር። የሚቀምሰው ለጣዕሙ አይደለም። ለሚጠጣው ሰው ክፉ ነገር እንዳልተደበቀበት ሊመሰክር ነው። መዳፌን ዘረጋሁ። ጠብ አደረጉልኝ። ቀመስኩ።

አንባቢ ሆይ፣ እዚህ ላይ ብዋሽህ በቀለለኝ። ምንም አልጣመኝም፣ እሬት እሬት አለኝ ብል ደስ ይለኝ ነበር። ግን በሕይወቴ እንዲያ ያለ ነገር ቀምሼ አላውቅም። የደረቀ ጽጌረዳ አለበት፤ ዝናብ የነካው የመንገድ ሬንጅ አለበት፤ በመጨረሻ ደግሞ ስሙን የማላውቀው ጣፋጭ ነገር ምላስ ላይ ቆይቶ አልሄድ አለ። ለአንድ አፍታ፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ዮናስን ረሳሁት።

«እንዴት ነው?» አሉኝ። ዐይናቸው ፊቴ ላይ ነው።

«ደርሷል ጋሼ» አልኩ። «ምንም አልሆነም።»

ብርጭቆ ቀዱና ቀመሱ። ከዚያ መሳቅ ጀመሩ። ከሆዳቸው ሳቁ፤ ጠረጴዛውን በመዳፋቸው መቱት። በርጩማ ሳቡና ተቀምጠው ስለ ዮናስ አወሩኝ። በአራት ዓመቱ እዚህ ምድር ቤት ገብቶ እንዴት እንደጠፋ፣ መደርደሪያ ሥር ተኝቶ አንገቱ ላይ «ይቆይ» የምትል ወረቀት አስሮ እንዴት እንዳገኙት። እኔም ሳቅሁ። ሁለት ብርጭቆ ጠጣን። ቀሪውን ጠርሙስ አነሱና የድሮዋን ወረቀት ፈትተው አዲስ ጻፉ። «ቅዳሜ» ይላል። አሰሩት።

«ስልኬን አምጪልኝ። ለዮናስ ልንገረው።»

«ሥራ ላይ ይሆናል ጋሼ። አይረብሹት።»

«መልእክት ልተውለታ! ያንን ድምፅ የሚቀዳውን።»

መነጽራቸውን ከመፈለጋቸው በፊት ሮጬ አመጣሁና ራሴ ያዝኩት። ከጣሊያን የተደወለው ሰባት ደርሷል። የዮናስን ስም አገኘሁ፤ ፎቶው ይስቃል። መቅጃውን በአውራ ጣቴ ተጭኜ ወደ አፋቸው አስጠጋሁላቸው።

«ዮናስዬ፣ አባትህ ነኝ። ጠርሙስህን ቀመስነው። ደርሷል! ይህን ሁሉ ዓመት ጠብቆ ምንም አልሆነም፤ ሁለት ቀን አያቅተውም። አንተ ብቻ ና።» ወደ እኔ ዞሩ። «ሜሪ፣ አንቺም ሰላም በይው።»

ጣቴ መቅጃው ላይ ነው። እያዩኝ ነው።

«ሰላም ዮናስ» አልኩ። «በሰላም ግባ።»

ጣቴን አነሳሁ። መልእክቱ ሄደ። ከሥሩ መላኩን የምትነግር አንዲት ምልክት ብቻ ወጣች፤ መድረሱን የምትነግረው ሁለተኛዋ አልመጣችም።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ አምስት ኪሎ ካለው ቤታቸው ደጃፍ አሥራ አምስት ያህል ሰዎች ተሰበሰብን። አቶ ግርማ በሩን አንኳኩ። ጋሽ ደምሴ ጋቢ ለብሰው ከፈቱ።

«ደህና አደራችሁ… ምነው በማለዳ?» አሉ። ከዚያ የእያንዳንዱን ሰው ፊት ተራ በተራ አዩ። እህታቸው ከደሴ መምጣቷን ሲያዩ ገባቸው። ሁሉን አልፈው ከኋላ የቆምኩትን እኔን ፈለጉኝ።

«ሜሮን፣ ዮናስ ነው?»

አንገቴን ደፋሁ። እህታቸው ጮኸች፤ ሰዎቹ ግራና ቀኝ ያዟቸው። እርሳቸው ግን አላለቀሱም። «ትናንት እኮ…» አሉ። «ትናንት እኮ…» ብለው አልጨረሱትም።

አስከሬኑ በአሥረኛው ቀን መጣና ተቀበረ። በሐዘኑ ጊዜ ሁሉ ድንኳኑ ውስጥ ቡና ሳቀርብ፣ ሰሐን ሳነሳ አንድም ቀን ቀና ብለው አላዩኝም። አቶ ግርማ «ከሐዘኑ ነው» ይሉኛል። እኔ ግን ምክንያቱን አውቀዋለሁ።

ከአርባው ማግስት ደወሉልኝ። «ሱቅ ነዪ» ብቻ ነው ያሉት። ስደርስ ምድር ቤት በርጩማው ላይ ተቀምጠዋል። ጥቁር ለብሰዋል፤ ጢማቸው አድጎ ነጭ ሆኗል። ባዶው ጠርሙስና ብርሌው ከዚያ ቀን ጀምሮ ሳይነሱ አሉ። «ቅዳሜ» የሚለውም እንደቆመ ነው።

«መቼ አወቅሽ?» አሉኝ።

«ሐሙስ ጠዋት። አንድ ሰዓት።»

«ስታጎርሺኝ ታውቂያለሽ።»

«አዎ ጋሼ።»

«ስልኩን ስትይዢልኝ ታውቂያለሽ።»

«አዎ።»

«ስስቅ።» ድምፃቸው ዝቅ አለ። «ልጄ ሬሳ ማቀዝቀዣ ውስጥ ተኝቶ፣ እኔ እዚህ ጠረጴዛ ስደበድብ፣ አንቺ ታውቂያለሽ።»

ይቅርታ ልላቸው አፌን ስከፍት እጃቸውን አነሱ።

«አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ። እውነቱን። ጣፈጠሽ?»

አርባ ቀን ሙሉ ይህን ጥያቄ ራሴን ስጠይቅ ነበር የሰነበትኩት። ሊጣፍጠኝ አይገባም ነበር። መሬት ላይ ተቀመጥኩ፤ እግራቸው ሥር።

«ጣፈጠኝ ጋሼ» አልኩ። «በጣም ጣፈጠኝ።»

ባዶውን ጠርሙስ ወደ ራሳቸው ሳቡ።  «እኔንም» አሉ። «እኔንም ጣፈጠኝ፤ እኔንም…» ሲቀበር ያላለቀሱት ሰውዬ እዚያ እንደ ልጅ ተንሰቅስቀው አለቀሱ። እግራቸውን ይዤ አብሬ አለቀስኩ። ሁለታችን ብቻ የምናውቀው ጥፋት ነበር፤ ከእኔ በቀር የሚነግሩት ሰው አልነበራቸውም።

ሲበቃቸው ፊታቸውን ጠረጉና ወደ ቆመው ጠርሙስ ጠቆሙኝ። «አስተኚው» አሉ። «ቡሹ እንዳይደርቅ።»

«ወረቀቱን ልቀይረው?»

«ተዪው።»

ይህ ከሆነ ሦስት ዓመት ሊሞላው ነው። ጋሽ ደምሴ ከዚያ ወዲህ አንድም ጠብታ አልቀመሱም። ሰው ወይን ሊገዛ ሲመጣ አንገቱን ያያሉ፣ ቡሹን ይዳብሳሉ፣ «ሜሮን ትቅመስልህ» ይላሉ። ሆቴሉን ትቼ አሁን የምሠራው እርሳቸው ጋር ነው።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ሽማግሌዎቻችን ተሳስተዋል እንድላችሁ አትጠብቁ። አቶ ግርማ ልክ ነበሩ፤ ጋሽ ደምሴ ከዚያ ጥብስ በኋላ አራት ቀን ከውሃ በቀር ምንም አልቀመሱም። ያ ጉርሻ ባይኖር ምን ይሆኑ እንደነበር አላውቅም። እኔ የማውቀው የራሴን ነው። አምና የድሮ የሆቴል ባልደረባዬ አባት ሲሞት ወንድሟ ደውሎ «እስከ ነገ ደብቂያት» አለኝ። አልቻልኩም። ታክሲ ውስጥ እጇን ይዤ ነገርኳት። ጩኸቷ እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም፤ እርሷም «ቤቴ እስክደርስ እንኳ ምናለ ብትታገሺኝ» ትለኛለች። ስለዚህ የቱ እንደሚሻል አትጠይቁኝ። አንድ ነገር ብቻ ወስኛለሁ፦ የደበቅሁበት ነገር ካለ ለዚያ ሰው አልቀምስለትም።

የዚያ ስልክ መልእክት ሥር ሁለተኛዋ ምልክት እስከ ዛሬ አልመጣችም። ጋሽ ደምሴም አያጠፉትም። ሱቁን ከመክፈታችን በፊት ጠዋት ጠዋት ምድር ቤቱን ስጠርግ በዚያ መደርደሪያ አጠገብ አልፋለሁ። ጠርሙሱ እንደተኛ ነው፤ አቧራ ይዞታል። ወይኑ ከአንገቱ አልወረደም፤ ገና ብዙ ዓመት ይቆያል። አንገቱ ላይ ያለችው ወረቀት አሁንም «ቅዳሜ» ትላለች።